ማዳጋስካር፦ ዋና ከተማዋ ለምን ለባህሩ ጀርባዋን ሰጠች?

ጥያቄ፦ «የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የማዳጋስካርን ካርታ እያዩ ‹ቲቸር፣ ዙሪያዋን ባህር ሆኖ ዋና ከተማዋ መሀል ተራራ ላይ ምን ትሠራለች?› ብለው ጠየቁኝ። አጥጋቢ መልስ አጣሁላቸው። ደግሞ አንዱ ካርታ ታማታቭ ሲል ሌላው ቶአማሲና ይላል። ዲዬጎ ስዋሬዝና አንትሲራናናም እንዲሁ። አንድ ከተማ ናቸው ወይስ ሁለት? ስሞቹስ ለምን እንዲህ ይረዝማሉ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ልጆቹ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። እኔ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። ማዳጋስካር ለሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የዚያች አገር ከተሞች ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከስሙ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። ታማታቭና ቶአማሲና አንድ ከተማ ነው። ዲዬጎ ስዋሬዝና አንትሲራናናም አንድ ነው። ማጁንጋና ማሃጃንጋ፣ የዋና ከተማዋ ታናናሪቭና አንታናናሪቮም እንደዚያው። ፊተኛው በቅኝ ግዛት ዘመን ፈረንሳዮች የተጠቀሙበት ስም ነው፤ ኋለኛው የአገሬው የማላጋሲ ቋንቋ ስም ነው። አገሪቱ ሰኔ 26 ቀን 1960 ነጻ ወጣች። የከተሞቹ ስም ግን በይፋ ወደ ማላጋሲው የተመለሰው ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ ነው። አሮጌ ካርታ ካለዎት የፈረንሳዩን ያገኛሉ። ሰዉ ደግሞ በሁለቱም ይጠራቸዋል። ሾፌር ሲጣራ «ታማታቭ! ታማታቭ!» ሲል የሰማሁት በራሴ ጆሮ ነው።

ርዝመቱ የመጣው ስሙ ሙሉ ሐረግ ስለሆነ ነው። መነሻው ላይ ያለችው «አን» ወይም «አም» ቦታ ታመለክታለች፤ «እዚህ ላይ» እንደማለት ናት። አንታናናሪቮን ሲፈቱት «ታናና» ከተማ፣ «አሪቮ» ሺህ ነው። የሺዎቹ ከተማ። አንትሲራቤ ውስጥ «ሲራ» ጨው ነው፣ «ቤ» ብዙ ነው። ብዙ ጨው ያለበት። አምቦሂማንጋ ሰማያዊው ኮረብታ ነው። ፊያናራንትሶአ ደግሞ መልካም ትምህርት የሚገኝባት ማለት ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃን፣ አምባ ማርያም፣ ባሕር ዳር እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ልጆቹን ስሙን እንደ ሽንኩርት እየላጡ እንዲፈቱት ያድርጓቸው፤ ከዚያ በኋላ አይረሱትም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በማላጋሲ የመጨረሻዋ አናባቢ ሲናገሯት ትዋጣለች። ሰዉ ሲጠራው «አንታናናሪቭ» ነው የሚመስለው። ፈረንሳዮቹም የጻፉት የሰሙትን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ።

መጀመሪያ ልጆቹ ስለ «ደሴት» ያላቸውን ሥዕል ማስተካከል ይጠቅማል። ደሴት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አሸዋና ኮኮናት ነው። ማዳጋስካር ግን ስፋቷ 587 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያን ግማሽ ትበልጣለች። መሀሏ ደጋ ነው። አንታናናሪቮ ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነበር። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ስለሆነች ሐምሌ እዚያ የብርድ ወር ነው። ጠዋት ከማረፊያዬ ስወጣ ሰዉ ትከሻው ላይ ላምባ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ላምባ የእነሱ ጋቢ ነው በሉት። ጉሊት ላይ የተቀመጡት እናቶች እስከ አፋቸው ተሸፋፍነው ነበር። የወሎ ወይም የጎጃም ከተማ የደረስኩ ነው የመሰለኝ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ጃካራንዳው ያብባል። በአኖሲ ሐይቅ ዙሪያ መንገዱ ሁሉ ወይን ጠጅ ቀለም ይሆናል።

ከተማዋን ማን ቆረቆራት? ታሪኩ የሚጀምረው በ1610 አካባቢ ነው። አንድሪያንጃካ የሚባል የሜሪና ንጉሥ አናላማንጋ የተባለውን ኮረብታ ያዘ። ሜሪና የመሀሉ ደጋ ሕዝብ ነው። ንጉሡ ኮረብታውን እንዲጠብቁለት አንድ ሺህ ወታደር አሰፈረበት ይባላል። «የሺዎቹ ከተማ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ኮረብታው ለጦር ይመቻል። ዙሪያው ሁሉ ከላይ ይታያል።

ግን ኮረብታ በማዳጋስካር ሞልቷል። ይህኛው የተመረጠው ከሥሩ ባለው ነገር ነው፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ነው። ከኮረብታው ግርጌ ቤትሲሚታታትራ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ድሮ ረግረግ ነበር፤ የኢኮፓ ወንዝ እየሞላ የሚተኛበት። ነገሥታቱ ሕዝቡን አሰልፈው ግድብና ቦይ አሠሩ፤ ውኃውን አጠነፈፉ፤ ሜዳውን የሩዝ ማሳ አደረጉት። ማላጋሲ ያለ ሩዝ አይኖርም። ቁርስም ምሳም እራትም ሩዝ ነው። ድስቱ ሥር የተቃጠለውን ሩዝ እንኳ ውኃ ጨምረው ያፈሉና ከምግቡ ጋር እንደ ሻይ ይጠጡታል። ስለዚህ ሜዳውን የያዘ ሕዝቡን ይመግባል፤ ሕዝቡን የመገበ ጦር ያቆማል። የአንታናናሪቮ ኃይል የመጣው ከዚያ ጭቃ ነው። መነሻው ባህሩ አልነበረም።

በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድሪያናምፖይኒሜሪና የተባለው ንጉሥ የተከፋፈለውን ደጋ አንድ አደረገ። መቀመጫውንም ከአምቦሂማንጋ ወደ አንታናናሪቮ አመጣ። ማላጋሲዎች ዛሬም የሚጠቅሱለት አንድ ቃል አለ፦ «የሩዝ ማሳዬ ድንበር ባህሩ ነው።» ደሴቷን በሙሉ እገዛለሁ ማለቱ ነው። ግን እንዴት እንዳለው ልብ ይበሉ። ባህሩን የሚያየው እንደ ማሳ ድንበር ነው። መንገድ ነው አላለም፤ በር ነው አላለም። እኔ የዋና ከተማዋን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ብባል ይህችን ነው የምጠቅሰው።

ከባህር የሚመጣው ደግሞ ለምን ያስፈራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ባህሩ የሚያመጣው የባሪያ ነጋዴ፣ የባህር ወንበዴና መድፍ የጫነ መርከብ ነው። የሜሪና መንግሥት ራሱ ከባሪያ ንግድ ንጹሕ አልነበረም፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን መከላከያውን ያደረገው ርቀትን ነው። ከባህሩ እስከ ደጋው ጥሩ መንገድ አልተሠራም፤ ሆን ተብሎ። ጋሪ የሚባል ነገር አልነበረም። ትልልቅ ሰዎችና እንግዶች ፊላንዛና በሚባል ወንበር ተቀምጠው በሸክም ነበር የሚጓዙት። ነገሥታቱ ሁለት የማይሸነፉ ጄኔራሎች አሉን ይሉ ነበር ይባላል። አንዱ ሃዙ ነው፤ ጫካው። ሌላው ታዙ ነው፤ ንዳዱ፣ ወባው።

እነዚህ ሁለት ጄኔራሎች ምን እንዳደረጉ በ1895 ታየ። ፈረንሳይ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ወታደር በማጁንጋ በኩል አወረደች። ጦሩ ባለሁለት ጎማ የብረት ጋሪ ይዞ ነበር የመጣው። ለጋሪው መንገድ ስለሌለ ወታደሩ አካፋ ይዞ በቆላው ረግረግ ውስጥ መንገድ መሥራት ጀመረ። ወባው እዚያው ቆላው ላይ ጨረሰው። በውጊያ የሞተው ጥቂት አሥሮች ብቻ ነው። በበሽታ የሞተው ግን ከ5 ሺህ ይበልጣል። በመጨረሻ ጄኔራል ዱሼን ጋሪውን ትቶ፣ የተሻሉትን ወታደሮች መርጦ፣ በፍጥነት ወደ ደጋው ገሠገሠ። መስከረም 30 ቀን ከተማዋን በመድፍ መታ፤ ቤተ መንግሥቱም እጁን ሰጠ። ንግሥት ራናቫሎና ሣልሳዊት በ1897 ተጋዙ፤ መጀመሪያ ወደ ሬዩኒዮን፣ ቀጥሎ ወደ አልጄርስ። እዚያው አርፈዋል። አንታናናሪቮ ከወደቀች ከአምስት ወር በኋላ መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው፤ በእኛ የካቲት 23፤ አድዋ። ይህን ቀን ቆጥሬ ያገኘሁት እዚያው ኮረብታ ላይ ቆሜ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ሁለት የደጋ መንግሥታት፣ አንድ ዘመን፣ ፍጻሜው ግን የተለያየ።

ኮረብታው ላይ ሮቫ አለ፤ የነገሥታቱ ግቢ። ዋናውን ቤተ መንግሥት በ1839 ገደማ ዣን ላቦርድ የተባለ ፈረንሳዊ በእንጨት ሠራው። በኋላ ጄምስ ካሜሮን የተባለ ስኮትላንዳዊ በድንጋይ አለበሰው። በድሮው ሕግ በከተማዋ ውስጥ ቤት የሚሠራው በእንጨት ነው፤ ድንጋይ የሙታን ነው፤ ለመቃብር። ሕጉ የተነሣው በ1860ዎቹ ማብቂያ ነው። ዛሬ ከተማዋን ቀይ ያደረጓት የሸክላ ቤቶች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ኅዳር 6 ቀን 1995 ሮቫው ተቃጠለ። እንጨቱ ሁሉ ሄደ፤ የቀረው ድንጋዩ ነው።

ሌላም ነገር ልንገርዎ። ከተማዋ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ተብላ ትከፈላለች። ድሮ ላይኛው የመኳንንቱ ነበር። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ማዕረጉም ይወርዳል። ዛሬም ዝናብ ሲበረታ ውኃ የሚገባባቸው ሰፈሮች ታች ሜዳው ላይ ያሉት ናቸው። ድሮ ማሳ የነበረው መሬት በአፈር እየተሞላ ቤት ተሠራበት፤ ውኃው ግን የድሮ ቦታውን አይረሳም።

አንድ ጠዋት ከታችኛው ከተማ ወጣ ብዬ ማሳው ዳር ቆምኩ። ሩዙ ታጭዷል። መሬቱ ግን ሥራ አልፈታም። አንድ ቤተሰብ የማሳውን ጭቃ በአካፋ እየቆረጠ ያወጣል። አባት በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ልጅ የእንጨት ፎርማ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ እንደገና ይሞላል። እናት የደረቀውን ትከምራለች። ክምሩ ቤት ሲያህል ውስጡ እሳት ይለቁበታል፤ ሥሩን የሩዝ ገለባና ገለፈት እያጎረሱ ቀናት ያጨሱታል። ከማሳው መሀል ሰማያዊ ጭስ ይነሣል። ሸክላው ሲበስል ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቤት ይሆናል። ዝናብ ሲጀምር ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፤ ተመልሶ ሩዝ ይተከልበታል። ያ ሜዳ ከተማዋን ይመግባታል፤ ይሠራታልም።

እንግዲህ የባህር ዳር ከተሞቹን ልያቸው። እነሱ ሌላ ዓለም ናቸው።

ቶአማሲና ዋናው ወደብ ነው። ስሙን በተመለከተ ሰዉ የሚያወራው ተረት አለ። የደጋው ንጉሥ ራዳማ ቀዳማዊ ከደጋ ወርዶ መጀመሪያ ባህሩን ሲያይ በእጁ ጨልፎ ቀመሰና «ቶአ ማሲና» አለ። «ለካ ጨው ነው!» ማለት ነው። እውነት ይሁን ፈጠራ፣ ተረቱ የደጋ ሰው ባህርን እንዴት እንዳየው ይናገራል። ከተማዋን በመጋቢት 1927 አውሎ ነፋስ አፈራርሷታል፤ እንደገና ነው የተሠራችው። ፈረንሳዮች ከዚህ እስከ አንታናናሪቮ የባቡር ሐዲድ የዘረጉት ከ1901 እስከ 1913 ነው። የእኛ የጅቡቲ ሐዲድም በዚያው ዘመን ነበር ሽቅብ የሚወጣው።

ማሃጃንጋ ሞቃት ናት፤ የስዋሂሊ፣ የህንድና የኮሞሮስ ሰው የሰፈረባት። ባህሩ ዳር ግዙፍ ባኦባብ ዛፍ አለ፤ ወገቡን ለማቀፍ ከአሥር ሰው በላይ እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት። ማታ ማታ ከተማው በሙሉ ባህር ዳር ይወጣል። ማሲኪታ ይጠበሳል፤ በእንጨት የተሰካ ሥጋ። ይህች ለስላሳ የምትመስል ከተማ ግን ከባድ ቁስል አለባት። በታኅሣሥ 1976 በኮሞሮስ ተወላጆች ላይ ግድያ ተነሣ። ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉት በቤልጂጉ ሳቤና አየር መንገድ ወደ ኮሞሮስ ተወሰዱ። እስከ ዛሬ እዚያ «ሳቤናዎች» ይባላሉ። ቤት ንብረታቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች መጠሪያቸው የአውሮፕላን ስም ሆኖ ቀረ። ከተማ ስናጠና ሕንጻውንና መንገዱን ብቻ መቁጠር እንደማይበቃ የተማርኩት ከዚህ ነው።

አንትሲራናና በሰሜን ጫፍ ናት። ወሽመጧ ሰፊ ስለሆነ ፈረንሳዮች የባህር ኃይል ሰፈር አደረጓት። በግንቦት 1942 እንግሊዞች የያዟትም ለዚሁ ወሽመጥ ነው።

ደጋ ላይ ደግሞ ሁለት ከተሞች አሉ። ፊያናራንትሶአን ንግሥት ራናቫሎና ቀዳማዊት በ1830 የቆረቆሯት ደቡቡን ለማስተዳደር ነው። ከእሷ እስከ ማናካራ ወደብ 163 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አለ። ሁለተኛዋ አንትሲራቤ ናት፤ እኔ እጅግ የወደድኳት። ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌ ላይ ውርጭ ይጥላል። ዘመናዊዋን ከተማ በ1872 የጀመሯት የኖርዌይ ሚሲዮናውያን ናቸው። ፍል ውኃ ስላላት ፈረንሳዮች መታከሚያ አደረጓት። የሞሮኮው መሐመድ አምስተኛ ከ1954 እስከ 1955 ግዞት የቆዩት እዚያ ነው። መንገዱን የሞላው ፑስ ፑስ ነው፤ ሰው የሚጎትተው ባለሁለት ጎማ ጋሪ። እያንዳንዱ በደማቅ ቀለም ስም ተጽፎበታል። የጎተተኝ ሰውዬ ዳገት ሲደርስ ልወርድ ስነሣ በእጁ ምልክት አድርጎ «ተቀመጥ» አለኝ። ሥራዬ ነው ማለቱ ነበር። ተቀመጥኩ። እግሩ ባዶ ነበር።

የሕዝቡን ቁጥር ብናይ በ2018 ቆጠራ አንታናናሪቮ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በዙሪያዋ ያሉት ሰፈሮች ሳይጨመሩ። ሁለተኛዋ ቶአማሲና 300 ሺህ ትንሽ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ አንትሲራቤና ማሃጃንጋ ወደ 250 ሺህ ገደማ ናቸው። የመጀመሪያዋ የሁለተኛዋን አራት እጥፍ ናት ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ዋጋ አለው። ያ መንገድ አልባነት በአንድ ወቅት ጋሻ ነበር፤ ዛሬ ሸክም ሆኗል። ከቶአማሲና እስከ አንታናናሪቮ በአየር ቢለካ ከ220 ኪሎ ሜትር አይርቅም። በመኪና ግን ከ350 ያልፋል፤ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ነዳጁም ዕቃውም በዚያ ነው የሚወጣው። አውሎ ነፋስ መጥቶ መንገዱ ሲቆረጥ ዋና ከተማዋ ወዲያው ይሰማታል። አገሪቱን ማን እንደሚገዛ የሚወሰነውም እዚያው ደጋ ላይ፣ አናላኬሊ የሚባለው መሀል ከተማ ነው። የግንቦት 13 አደባባይ እዚያ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከ1972ቱ ተቃውሞ ነው። በ2009ም ሕዝቡ እዚያ ወጣ። በመስከረም 2025 ደግሞ ወጣቶች ውኃና መብራት ጠፋ ብለው ተነሡ፤ የአዲሱ የኬብል ካር ጣቢያዎች ሳይቀሩ ተቃጠሉ። በጥቅምት ወታደሩ ሥልጣኑን ያዘ።

ልጆቹ «ታዲያ ለምን አያዛውሯትም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ወደ ባህር የሚያወርዳት አልተገኘም፤ አጠገቧ አዲስ ከተማ ለመሥራት ግን ተሞክሯል። በ2019 መንግሥት ታናማሱዋንድሮ የሚባል ፕሮጀክት አመጣ፤ «የፀሐይ ከተማ» እንደማለት ነው። ቦታው የተመረጠው ያው የቤትሲሚታታትራ ሜዳ ላይ፣ አምቦሂትሪማንጃካ አካባቢ ነው። ማሳው በአፈር ሊሞላ ሆነ። ገበሬዎቹ «መሬታችንን አንሰጥም» ብለው አደባባይ ወጡ። ነገሩ ከረረ። በመጨረሻ መንግሥት ዕቅዱን ከዚያ ቦታ አነሣ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ በዚያ በኩል አለፍኩ፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ችግኝ ይተክሉ ነበር።